ማሽን ሆኜ የሰነበትኩባቸው ቀናት

በሕይወቴ አሥራ አንድ ቀን ማሽን ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰባቱን ቢቸና፣ አራቱን ሞጣ። ከዚያ በፊት የወረዳ መሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያ ተብዬ፣ የተጣበቀ ወረቀት ከፕሪንተር ሆድ ስጎትት ዓመታት ፈጅቻለሁ። ከዚያ በኋላም ብዙ ሠርቻለሁ። ስለ ሰው እንደዚያ አሥራ አንድ ቀን ያስተማረኝ ሥራ ግን የለም።

ጊዜው ከሚሌኒየሙ ወዲህ ሰባት ስምንት ዓመት ያለፈበት ነው። ሞባይል ከነጋዴው አልፎ ገበሬው ኪስ ገብቷል። እኔ ደግሞ ሠላሳዎቹን ካጋመስኩ በኋላ እንደገና ተማሪ ሆኜ ለሁለተኛ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። የማጠናው ሰውና ኮምፒውተር እንዴት እንደሚግባቡ ነው። ይህንን ለእናቴ ስነግራት ከሽንኩርት ልጣጯ ቀና እንኳ ሳትል «ምን አጣላቸው ደግሞ?» አለችኝ። ያን ቀን ሳቅሁባት። ውሎ አድሮ ሳስበው ግን ትምህርቱን እንደ እሷ አሳጥሮ የገለጸልኝ አስተማሪ አልነበረም።

ለነገሩ ዲግሪው ዘግይቶ መጣ እንጂ ጥናቱን የጀመርኩት በልጅነቴ ነው። ቢቸና ስልክ ቤት አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሰው ሲደውል ማየት እወድ ነበር። ለደብረ ማርቆስ የሚደውል ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ለአዲስ አበባ የሚደውል ይጮኻል። ውጭ አገር የሚደውልማ ያለ ስልክም የሚሰማ ይመስል ነበር። አንዳንዱ ሲሰናበት እጀታውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። ለማን ነው? ማን ያየዋል? ይህን እያሰብኩ ዓይኔን ስተክል እናቴ «ሰው ላይ አታፍጥጪ» እያለች ስንቴ ቆንጥጣኛለች። አድጌ ሰው ላይ ማፍጠጥ ትምህርት ሆኖ ሲሰጥ ሳገኘው ጊዜ አላጠፋሁም።

የመመረቂያ ሥራዬ ሐሳቡ ቀላል ነው። ታማሚ ወደ ጤና ጣቢያ ይደውላል፤ አንድ ድምፅ በአማርኛ ያናግረዋል፤ ምን እንደሚፈልግና መቼ መምጣት እንደሚችል ይጠይቀዋል፤ ቀጠሮ ይዞለት ይሰናበተዋል። ቁልፍ መጫን የለ፣ ማንበብ የለ። ችግሩ፣ የሰው አማርኛ ሰምቶ የሚመልስ ማሽን እኔ የለኝም። ልሥራ ብልም ዓመታት ይፈጃል። ለዚህ ትምህርታችን አንድ ብልሃት አለው። ማሽኑ ከመሠራቱ በፊት ሰው ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጥና ማሽኑን ይሆናል። ፊት ለፊት ያለው ሰው ከማሽን ጋር የሚነጋገር መስሎት ያወራል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ምን እንደሚልና የት እንደሚደናቀፍ ይመዘግባል። ጥናቱ በሙሉ ሲያልቅ ለሁሉም እውነቱ ይነገራቸዋል። ዘዴው በፈረንጆቹ ዘንድ የሚጠራው በጠንቋይ ነው። ይህን ስም ተርጉሜ ለቢቸና ቄሶች ብነግራቸው ኖሮ በጠበል ነበር የሚሸኙኝ። ስለዚህ ስሙን ለራሴ አስቀርቼ «ሙከራ» አልኩት።

ከዚህ ሙከራ ላይ ብዙ ነገር ተንጠልጥሏል። ትምህርት ክፍላችን አንድ የመምህርነት ቦታ ነበረው። አማካሪዬ በክረምቱ ጥሩ ውጤት ይዤ ከቀረብኩ ቦታው የእኔ እንደሆነ በግልጽ ነግሮኛል። ካልሆነ ወደ ፕሪንተሬ መመለሴ ነው። በዚያ ላይ ውጤቱ ካማረ ስልኩን በየጤና ጣቢያው ለማስገባት ያሰቡ ሰዎች ነበሩ።

ቢቸና ላይ የያዝኩት ለቢሮ የሚከራይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ክፍሎቹን የሚለያቸው ኮምፔንሳቶ ነው፤ በመካከላቸው በር የለም። የፊተኛው በር ወደ ግቢው ይከፈታል፣ የኋለኛው ወደ ጓሮ። ከፊት ጠረጴዛ፣ ወንበርና አንድ የጠረጴዛ ስልክ አኖርኩ። ከኋላ እኔ፣ ላፕቶፔ፣ የጆሮ ማዳመጫዬና ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት የሕግ ወረቀት አለን። ላፕቶፑ ውስጥ የአዲስ አበባ ልጅ የሆነች የክፍል ጓደኛዬ ድምፅ በሃያ ሦስት ቁራጭ ተቀድቷል። «እንኳን ደህና መጡ፣ ምን ልርዳዎት?» ትላለች። «መቼ ይመችዎታል?» ትላለች። ካልገባት ደግሞ «ይቅርታ፣ አልሰማሁም፤ እባክዎ ይድገሙት» ትላለች። የእኔ ሥራ ሰውየው ያለውን ሰምቼ ተገቢውን ቁራጭ መጫን ብቻ ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ማሽን የማይገባው ነገር እኔም እንዳይገባኝ።

ሰው ሲመጣ በፊተኛው ክፍል እቀበላለሁ። አስረዳለሁ፣ አስፈርማለሁ፣ «በሉ ከማሽኑ ጋር ልተዋችሁ፣ እኔ ውጭ ነኝ» ብዬ እወጣለሁ። ከዚያ በግቢው ዘበኛ ፊት አልፌ፣ ቤቱን ዞሬ፣ የጓሮውን በር ከፍቼ፣ ጫማዬን አውልቄ ቦታዬን እይዛለሁ። ተረኞቹ ከውጭው በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። አሁን ስጽፈው ለእኔም ይታየኛል። ያኔ አልታየኝም። በትምህርት የደነዘዘ ሰው ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው።

አሥራ አራት ሰው መጣልኝ፤ አብዛኛው እናትና አባት የሚሆነኝ ነው። ከመካከላቸው አንዱ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪዬ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። እኛ ተማሪዎቻቸው እስከ ዛሬ ጋሼ ነው የምንላቸው። ያችን አዲስ አበቤ ድምፅ እንዴት አድርገው ይሆን የሚያናግሯት ብዬ ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር የጠበቅሁት። እሷ ምን ልርዳዎት አለች። ጥቂት ቆዩና «የደም ግፊት ክትትል። ማክሰኞ። ጠዋት» አሉ፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፉ ቃል በቃል ለይተው። ቀጠሮው ተያዘላቸው። አመስግነው ወጡ።

ሌሎቹም እንዲሁ። አንድም ሰው ድገም አልተባለም። አንድም ሰው አልተንተባተበም። ቤቱን ዞሬ ስመለስና «እንዴት ነበር?» ስላቸው «ኧረ ግሩም ነው!» ይሉኛል። አንዲት እናት «ማሽኗ ጨዋ ናት» ብለው አገጬን ያዝ አደረጉኝ። ሰባተኛው ቀን ላይ እግሬ መሬት አልነካም። ውጤቱን ለአማካሪዬ ላክሁለት። በማግስቱ ደወለ። ውጭ ተምሮ የመጣ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ለሙገሳ እጁ የማይፈታ ሰው ነው። «ይኸ የትም ጉባኤ ላይ ይቀርባል» አለኝ። «ቦታውን ያንቺ አድርጊው።»

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ከአሥራ አራቱ ሰዎች አሥራ አንዱ የመረጡት ማክሰኞን ነው። ለምን ማክሰኞ? አልተውኩትም፤ እንዲያ ያለ ነገር ካየሁ አልተኛም። የገበያውን ቀን፣ የጾሙን ቀን፣ የጤና ጣቢያውን ወረፋ እያነጻጸርኩ ስለ ማክሰኞ ግማሽ ገጽ ትንታኔ ጻፍኩ። ያንን ግማሽ ገጽ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ትዕቢቴ ሲነሳብኝ አነበዋለሁ።

ሁለተኛው ከተማ ሞጣ ነበር። ስልኩንና ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አቅፌ በሚኒባስ በደብረ ወርቅ፣ በጉንደ ወይን አድርጌ ሄድኩ። መንገዱ ሲያንጓልለኝ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ሞጣ ላይም እንደ ቢቸናው ከሆነልኝ መምህር ሆንኩ።

ሞጣ ላይ የሚያውቀኝ የለም። ያረፍኩት አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ከሱቁ በስተኋላ ያለውን ክፍል በሰው በሰው ተከራየሁ። እኒህ ሴት ከአባታቸው የወረሱትን ሱቅ ሠላሳ ዓመት የያዙ፣ ቀልድ የሚችሉ፣ ሶላታቸውን የማያስታጉሉ እናት ናቸው። ክፍሉን በወፍራም መጋረጃ ለሁለት ከፈሉልኝ። መጋረጃው ጀርባ መግቢያ ነበረው፤ ቤት መዞር ቀረልኝ።

ከመጀመሪያው ሰው ጀምሮ ነገሩ ተበላሸ። አንድ ገበሬ እጀታውን አነሱ፤ ማሽኗ እንኳን ደህና መጡ ስትላቸው «እንኳን ደህና ቆያችሁኝ! እንዴት ናችሁ? ደህና ናችሁ? ልጆቹስ? ከብቱስ? ዝናቡ በእናንተ በኩል እንዴት ነው?» እያሉ ቀጠሉ። የሕግ ወረቀቴ ላይ ከብት የለም። «ይቅርታ፣ አልሰማሁም» የሚለውን ተጫንኩ። ድምፃቸውን ጨምረው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ እጀታውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው «ይች ልጅ ደንቆሮ ናት» ብለው ወጡ።

አንዲት ሴት ደግሞ ቀጠሮ የሚፈልጉት ለሕፃን ክትባት እንደሆነ ማሽኗ ስትጠይቃቸው አዎን ለማለት ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። እኛ አገር አዎንታ ማለት ይኸው ነው። ሰምቻቸዋለሁ። ቁልጭ አድርጌ ነው የሰማሁት። ግን ትንፋሽ ቃል አይደለምና «አልሰማሁም» አልኳቸው። እሳቸውም እንደገና ሳብ፤ እኔም እንደገና አልሰማሁም። ቀኑን ሲጠየቁ ሰኞ ማክሰኞ የሚል ጠፋ። አንዱ «የማርያም ማግስት» ይላል፣ ሌላው «ከጁምዓ በኋላ» ይላል፣ ሌላዋ «አንቺ መቼ ይሻልሻል?» ትላለች። በሦስት ቀን ውስጥ ቀጠሮ የያዙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። እኔም እንደ ማንኛውም የተማረ ሰው ጥፋቱን በሞጣ ላይ ጣልኩ።

በአራተኛው ቀን ባለ ሱቋ «እኔስ ተራ የለኝም?» አሉኝ። አስቀመጥኳቸውና ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። እጀታውን አነሱ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ምን ልርዳዎት?» አለች የጓደኛዬ ድምፅ።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ? ደህና ነሽ?»

ምን ላድርግ? ጥቂት አሰብኩና ተጫንኩ። «ይቅርታ፣ አልሰማሁም፤ እባክዎ ይድገሙት።»

«ደህና ነሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

እንደገና አመነታሁ፤ እንደገና ተጫንኩ። «ይቅርታ፣ አልሰማሁም።»

ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ወዲያው መጋረጃው ተገለጠ። እሳቸው ከላይ፣ እኔ የጆሮ ማዳመጫዬን አጥልቄ ከታች፣ ተያየን።

«አንቺ!» አሉኝ። «ሰው ደህና ነሽ ወይ ሲልሽ አልሰማሁም ትያለሽ? እንዲህ ነው ያሳደጉሽ?»

ከአፌ የወጣው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ መቼም አይቀረኝም። «እትዬ፣ ሰው መሆኑን በምን አወቁ?»

ሳቁና አጠገቤ ካለው የጨርቅ ጣቃ ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ዘርግቼ የገዢ ፊት ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሳይሰማ ዝም ያለውንና ሰምቶ ምን ልበላት እያለ ዝም ያለውን አልለይም ብለሽ ነው? ያች ልጅሽ ዝም ስትል እየተጨነቀች ነበር። ዕቃ ደግሞ አይጨነቅም።»

«ቢቸና አሥራ አራት ሰው ሞክሮታል፤ አንድም ሰው አላወቀም» አልኳቸው፤ ለመከላከል ነው።

«ያገርሽ ሰዎች?»

«አዎ።»

«የወለዱሽ፣ ያሳደጉሽ፣ ኮቴሽን ከሩቅ የሚለዩት?» አሉና አዘኔታ በተቀላቀለው ዓይን አዩኝ። «ኧረ በይ ልጄ። አላወቅንም አሉሽ እንጂ።»

ቀሪዎቹን ሰዎች ሳልጨርስ ዕቃዬን ሸከፍኩ። ሚኒባሱ ላይ ስለ ማክሰኞ ማሰብ ጀመርኩ።

ቢቸና እንደገባሁ በቀጥታ ወደዚያው ቤት ሄጄ ዘበኛውን አገኘሁት። በዕድሜ አቻዬ ነው፤ አንተ ነው የምለው።

«እኔ በጓሮ ስዞር ታይ ነበር?» አልኩት።

«ምነው አላይ፤ በፊቴ እኮ ነው የምታልፊው።»

«ለሰዎቹ ነገርካቸው?»

«ታዲያ ሲጠይቁኝ ልዋሽ ኖሯል?» አለኝ፤ በጥያቄዬ ተገርሞ። «ከኋላ ሆና የምትሰማው እሷ ናት፣ ፈተናዋ ነው፣ እንዳታበላሹባት አልኳቸው። መጀመሪያ የገቡት እትዬ ሲወጡ ምን እንደተጠየቁ አግዳሚው ላይ ላሉት አስረዱ። ክትትል በሉ፣ ማክሰኞ በሉ፣ ጠዋት በሉ፣ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ አሉ። ከዚያ የወጣ ሁሉ ለተረኛው ይነግራል። ጥሩ ሠራን አይደል?»

ደሜ ፈላ፤ ግን በማን ላይ ልቆጣ? አሥራ አራት ሰው ሳታልል ሰነበትኩ፤ አሥራ አራት ሰው ሲያታልለኝ ሰነበተ። ልዩነቱ እኔ ለዲግሪ ብዬ ነው፣ እነሱ ለእኔ ብለው ነው። እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ዕንባዬ መጣ። ዘበኛው ውኃ አመጣልኝ።

ማረጋገጥ የፈለግሁት ከአንድ ሰው ነበር። የዚያኑ ዕለት ከምሳ በኋላ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ጋዜጣ እያነበቡ አገኘኋቸው። አጠገባቸው እስክደርስ ቀና አላሉም። ሰላም ብያቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ማሽኗ ምን ብላ ነበር የጠየቀችዎት?»

አፌን አፌን እያዩ ቆዩ። ጥያቄውን ደገምኩላቸው። ጋዜጣውን አጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት።

«አልነግርሽም ብዬ ነበር» አሉኝ። «አንድም ቃል አልሰማኋትም። ጆሮዬ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰው እንዳያውቅብኝ ብዬ ማኅበሩንም ዕድሩንም እየሸሸሁ ነው የምኖረው። ያን ዕለት ምን እንደምል አግዳሚው ላይ ነግረውኛል። እሷ ጠይቃ ዝም ስትል ነው መናገር ያለብኝ። ዝም ማለቷን በምን ልወቅ? በሆዴ እስከ አምስት እየቆጠርኩ ተናገርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልሰማሁም አላሉኝም?»

«አንቺን ስምንተኛ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ስፈትን ከረምኩ። አንድ ቀን አንቺ ብትፈትኚኝ ልጣልሽ?»

እጃቸውን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ማን ያውቃል? አማካሪዬ ወዶታል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አልዋሸም፤ ሰዎቹ ያሉትን ነው የጻፍኩት። የሞጣውን «ለቴክኖሎጂ እንግዳ የሆኑ ተሳታፊዎች» ብዬ በአንድ አንቀጽ ላልፈው እችላለሁ፤ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ስንቱን አንብቤያለሁ! ቦታው ይታየኛል፤ የራሴ ጠረጴዛ፣ የራሴ ተማሪዎች። ነገር ግን ሐሳቤን በቀጠልኩ ቁጥር ጋሼ ይመጡብኛል። የደም ግፊቱ የውሸት አልነበረም። ያ ስልክ እውነት ሥራ ቢጀምር ይደውላሉ፤ እስከ አምስት ይቆጥራሉ፤ ይናገራሉ፤ በዚያኛው ጫፍ ግን የሚያውቃቸው ሰው አይኖርም። ማሽኗ ድገሙ ትላለች፣ እሳቸው አይሰሙም፣ ስልኩ ይዘጋል። ያን ስልክ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ለአማካሪዬ ቢሮው ድረስ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቤት መዞሬን፣ አግዳሚውን፣ ማክሰኞን። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከሞጣ ወዲህ ዝምታ መለየት ለምጄ ነበርና እያሰበ እንደሆነ አውቄያለሁ።

«የቢቸናው በሙሉ ከጥናቱ ይወጣል» አለኝ በመጨረሻ። «በዚህ ክረምት አትቀርቢም።»

«ቦታውስ?»

«ቦታው አይጠብቅሽም።»

አልጠበቀኝም። ለሌላ ተሰጠ። ያለቀስኩትን ለቅሶ ዛሬ ለማሳነስ አልሞክርም፤ ቅስሜ ተሰብሮ ነበር። በክረምቱ ወደ ወረዳው መሥሪያ ቤት ተመለስኩ። እናቴ አንድ ቀን ብቻ «እነሱ እኮ ሊጠቅሙሽ ነው» አለችኝ፤ ለማጽናናት ይሁን ለመክሰስ አልገባኝም። እኔን ግን ያ ነገር አልለቀቀኝም። ሰው ለአንድ ሰው ፊት ብሎ ያልሰማውን ሰማሁ ካለ፣ እውነቱን የሚናገርበት መንገድ ምን ዓይነት ነው? በየትኛውም ያነበብኩት መጽሐፍ ይህ ጥያቄ አልነበረም።

ጥቅምት ላይ እንደገና ሞከርኩ። በዚህኛው ሙከራ ነው በኋላ የተመረቅሁት። አሥራ አራቱንም ሰዎች ጠርቼ በአንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጥኳቸው። መጋረጃ የለም፣ ኮምፔንሳቶ የለም። ላፕቶፔን ስልኩ አጠገብ አድርጌ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። «ማሽኗ እኔ ነኝ» አልኳቸው፤ «ይቅርታም እጠይቃለሁ።» አንገታቸውን ደፉ፤ የሚያፍሩትስ እኔ እንጂ እነሱ ለምን? ከዚያ ያሰብኩበትን ነገርኳቸው። ይህ ፈተና እንደ ሌላው ፈተና አይደለም፤ ግሩም ነው ስትሉኝ ወደቅሁ ማለት ነው። የማልፈው የማሽኔን ጥፋት ስትነግሩኝ ነው። አንድ ጥፋት ያገኘ አንድ ረዳኝ ማለት ነው። ተያዩ። ማንም አልተነሳም። ሰው እንግዳ በተሰበሰበበት የልጁን ሥራ እንዴት ብሎ ይነቅፋል?

አፌን ሲያዩ የቆዩት ጋሼ ተነሱ። እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ተጫንኩ። አገጫቸው ሲንቀሳቀስ አየሁና እየቆጠሩ መሆኑን አወቅሁ። አምስት ላይ ሲደርሱ ግን አልተናገሩም። እጀታውን ወደ ቦታው መለሱትና ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

«እኔ አይሰማኝም» አሉ፤ ጆሮው የሄደ ሰው እንደሚናገረው ጮክ ብለው። «ስልኩም አይሰማኝም፤ እናንተንም አልሰማችሁም። ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

አገጬን የያዙኝ እናት ከኋላ ሆነው «የእኔም የግራው አይሰማም» አሉ። ሌላው ሰውዬ «ድምፅዋ እንደ ትንኝ ነው» አሉ። ሌላዋ ሴት «ሰላምታዋ አጭር ነው፣ የተቆጣች ትመስላለች» አሉ። አንዱ «ሰው ሳይጨርስ ትሮጣለች» አለ፤ ሌላው «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው እንጂ የምትለውን ግማሹን አልሰማሁትም» አለ። ማሽኔን እየተቀባበሉ ሰደቡልኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የምጽፍበት እጄ አልደርስ አለኝ።

ጋሼ አጠገቤ መጥተው ተቀምጠዋል። ሰው ሲስቅ ወዲያና ወዲህ ይመለከታሉ፤ ምን እንደተባለ አያውቁም። ደብተሬን ወደ እሳቸው አዘንብዬ፣ ፊደሌን አጉልቼ መጻፍ ጀመርኩ። አጎነበሱ። እስክሪብቶዬን በዓይናቸው እየተከተሉ ጎረቤቶቻቸው የሚሉትን አንድ በአንድ አነበቡ፤ ትንኟ ላይ ሲደርሱ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሸሹትን ጨዋታ አገኙት።

ለአፍታ እጄን ሳሳርፍ ክርኔን ነካ አደረጉኝ። «አትዝለይ» አሉኝ። «ሁሉንም ጻፊልኝ።»